ከሽልንጉ ክምር ኋላ

ሰኞ፣ ጥር 4

ዛሬም የሽልንግ ኖቶቹን እስር ገበያው ላይ እንደ ጡብ ደርድሬ፣ መረቡን አልብሼ ተቀመጥኩ። ባሌ ጉሌድ ከሞተ ወዲህ የምንዛሪ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው የምመጣው። ወይስ ቤቱ ባዶ ስለሆነብኝ? አንድ የግመል ነጋዴ ዶላር መነዘረ፤ አንዲት ሴትዮ ለምጽዋት ዝርዝር ወሰደች። ሌላው ሰው ሁሉ በስልክ ነው የሚከፍለው...

የቀትር ሶላት ሲጠራ፣ በቀኜ ያለው መንዛሪ ኢጌ ተነሳ። በግራዬ ላለው ለራጌ፣ በአናቴ ላይ አሳልፎ፣ "ገንዘቤን እይልኝ" አለው። ራጌ ክምሩን ለማየት አንገቱን ማስገግ አለበት። እኔ እዚያው አጠገቡ ነኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብለውኝ አያውቁም።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ልጄ ሊባን ከስዊድን ደወለ።

"እማ፣ ቦታውን ለሚፈልገው ስልክ ጠጋኝ ልቀቂለት። እስከ ወሩ መጨረሻ ወስኚ ብሎሻል።"

"እኔስ ምን ልሥራ?"

"እረፊ እንጂ። ይሄ የእኛ ሽልንግ ከድንበሩ ወዲያ ማን ያውቀዋል?"

እኔንስ ማን ያውቀኛል ልለው ነበር። ስለ ብርዱ ጠየቅኩት።

ዓርብ፣ ጥር 8

ገበያ ዝግ። የጉሌድን ብርጭቆ አጥቤ ደፋሁት። ማን ጠጣበትና?

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ዛሬስ ጉድ ሆነ። ኢጌ ለሶላት ሲነሳ መነጽሩን እየወለወለ፣ ሳያየኝ፣ "ጉሌድ፣ ገንዘቤን እያት እንግዲህ። ደግሞ እንዳትተኛ" ብሎ መንገድ ጀመረ። ከጉሌድ ጋር የጥንት ቀልዳቸው ነው። ትንሽ ሄድ ብሎ ቀጥ አለ። ዞሮ ግን አላየኝም። ራጌም አቀረቀረ።

ገንዘቡን ጠበቅኩለት። ፍየል መጥታ መረቡን ስትጎትት አባረርኩ። የኢጌ ደንበኛ ዶላር ይዞ መጣ፤ "ይመጣል፣ ጠብቀው" አልኩት። የእኔን ክምር እያየ ቆሞ ጠበቀ።

ኢጌ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። አመሰግናለሁ የለ፣ ምን የለ... የጉሌድን ስም ከሌላ ሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ናፍቆኛል፣ ምን ልበል።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ኢጌ ትናንትም ዛሬም አልመጣም። ጨንቆኝ ራጌን ጠየቅኩት።

"አሞታል እንዴ?"

"አፍሯል።"

"ማንን?"

"ጉሌድን ነዋ። የጓደኛው ሚስት ጎኑ ተቀምጣ ሰላም ሳይላት ከረመ።" መረቡን እያስተካከለ፣ "እኔም ያው ነኝ" አለ።

ይሄን ያህል ቃል ከእሱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ፣ ጥር 17

ኢጌ መጣ። ጠዋቱን ሙሉ ጋዜጣውን እያገላበጠ ቆየ፤ ማንበቡን እንጃ። አዛን ሲባል ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዴቃ" አለ።

ስሜን ያውቀዋል ለካ።

"ገንዘቤን እዪያት እንግዲህ። ደግሞ እንዳትተኚ።"

"የሚተኛው እሱ ነበር" አልኩት።

ሳቅ አመለጠው። ራጌም ሳቀ። ኢጌ ጫማውን እየጎተተ ወደ መስጊዱ ሄደ፣ ክምሩን ጥሎልኝ።

ማታ ሊባን ደወለ። ስልክ ጠጋኙ መልስ ፈልጓል።

"ሌላ ቦታ ይፈልግ" አልኩት።

"ለምን፣ እማ? ምን ልታደርጊበት?"

"ነገ ኢጌ ሶላት ሲሄድ፣ ገንዘቡን ማን ያይለታል?"