የእድሩ ጄኔሬተር ዘይት

ሐምሌ 6፣ ጠዋት
ጄኔሬተሩን ወለወልኩ። የዘይቱን መለኪያ መዝዤ አየሁ። ደግሞ ጨምሯል። እኔ አልጨመርኩ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው፤ ታዲያ ማን ጨመረ? አሸተትኩት። ቤንዚን ቤንዚን ይላል። የኔም እጅ ሁሌ ቤንዚን ነው የሚለው፣ ምኑ ይታወቃል።

መስፍንን ጠራሁት፣ ጌጃ ሰፈር ሞተር የሚሠራውን። በጣቱ አሻሸው። ቤንዚን ገብቶበታል ጋሼ፣ ቀጥኗል፣ ሙሉውን ደፍተን በአዲስ እንቀይር፣ እስከዚያ እንዳያስነሱት አለ። «ዘይት የሚበላ ሞተር አውቃለሁ፤ ዘይት የሚወልድ ሞተር ታመመ ሲባል ግን ካንተ ሰማሁ» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ የቤንዚኑን መዝጊያ አየና ለምን ክፍት ይተዉታል አለ። ውስጥ ቤንዚኑን የምታቆመው መርፌ አርጅታለች፣ ሞተሩ ቆሞም ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ሲያጠፉት ይዝጉት አለኝ።

አልዘጋም። አንተ ደብተሬ፣ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ባለቤቴ አስካለ ያረፈች ዕለት አንዱ ደግ ነኝ ባይ ዘግቶት ነበር። መብራት የለም። የማስነሻውን ገመድ ብስብ ብስብ እምቢ። ሐዘንተኛው እኔ፣ ገመድ ሳቢውም እኔ። የሚስቴ ድንኳን በሻማ አለፈ። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። ክፍት ይሁን፣ አንዴ ተስቦ ይነሳ ብዬ ማልኩ። ይህን ለመስፍን አልነገርኩትም። አሰናበትኩት።

ሐምሌ 9
ዝናብ። ሰፈሩ ግማሹ ለልማት ፈርሷል። አባሉ ተበትኖ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ አሁን ለቅሶ ብቻ ነው የሚሰበስበን። ሊ/መንበሩ ድንኳኑንም ጄኔሬተሩንም ሸጠን እንከራይ ይላል። እኔ በቁሜ?

ጎረቤቴ ወ/ሮ የሺ ታማለች። የአስካለ ጓደኛ። ልጠይቃት ገባሁ። ጉልበቷ አልቋል፣ ምላሷ ግን አለ። «አንተ ሽማግሌ፣ ያ ሞተርህ ከኔ ቀድሞ እንዳይሞት! እኔ በሻማ አልሸኝም» አለችኝ። እንደ ቀን አበራልሻለሁ አልኳት። ቃል ነው። ወጥቼ በሯ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሐምሌ 11፣ ከሰዓት
የዘይቱ ነገር ይከነክነኛል። ከሥር ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጌ ትርፉን አወረድኩ። መለኪያው ልኩ ላይ ሲደርስ ጠበቅ አደረግኩት። ይኸው፣ ልክ ነው። የወረደው እንደ ሻይ ቀጭን። ይሁን። መስፍን ጋ ተመልሶ መሄድ? እኔ?
መዝጊያውን አልነካሁም።

ሐምሌ 14
የሺ አረፈች። ልደታ ማርያም ቀበርናት። ድንኳኑ በሯ ላይ ተተከለ። አመሻሽ ላይ መብራት ሄደ። ሊ/መንበሩ ወደኔ አየ። አንዴ ሳብኩ። ተነሳ! ድንኳኑ ቦግ አለ። ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። አየሽ የሺ፣ አልኩ በሆዴ።

ንፍሮው ዞሮ ሳያልቅ ከሞተሩ ውስጥ ኳ ኳ ኳ። ሮጥኩ፣ ሩጫ ከተባለ። አንዴ ጮኸ። ጸጥ። ገመዱ አይሳብም፣ ድንጋይ ሆኗል። ሰው ሁሉ ስልኩን አበራ። የሺ ሻማ እንኳ አላገኘችም። ሊ/መንበሩ የንፍሮውን ሰፌድ ተቀብሎ በስልኩ መብራት ማዞር ቀጠለ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

ሐምሌ 16
መስፍን ፈታው። ብረት ብረትን በልቶታል። አይድንም ጋሼ አለ። ነግሬዎት ነበር እንዲለኝ ጠበቅኩ፤ የምመልስለትን አዘጋጅቼ ነበር። አላለም። ዘይቱ ልኩ ላይ ነበር እኮ አልኩት። «ልኩማ ልክ ነበር ጋሼ፤ ዘይቱ ነው ያልነበረው» አለ፣ ቀስ ብሎ።
እራት አልበላሁም።

ሐምሌ 18፣ ጠዋት
ለቆራሌው ይሰጥ ተባለ፤ ዛሬ ከብረታ ብረቱ ጋር ይወስደዋል። ከእንግዲህ ኪራይ ነው። አልተከራከርኩም። ቀጣዩ ለቅሶ የማን እንደሆነ ዕድሜዬ ያውቃል፤ ለኔም የኪራዩን ያብሩልኝ።

እሁድ ስብሰባው ላይ ቁልፉን አስረክባለሁ። ሞተሩ አርጅቶ ነው ብሎ የሚያስተዛዝነኝ ካለ፣ አይደለም፣ እኔ ነኝ እላለሁ። በሰው ፊት።

ቆራሌው ሳይደርስ ዕቃ ቤት ገባሁ። ወለወልኩት። ታንኩ ውስጥ የተረፈ ቤንዚን አለ፣ አሁንም ወደ ውስጥ ይወርዳል። መዝጊያው ዝጓል፣ በጣት እምቢ አለኝ። በጨርቅ ይዤ ዘጋሁት።