የመዳፌ ምርቃት

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 7 ቀን 1966 ዓ.ም.

ዛሬ የማገለግልበት የረሃብተኞች መጠለያ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያክመው ሰውዬ፣ "አዲስ አበባ ሄደሽ ነርስነት ትማሪያለሽ ወይስ መናገር የሚቸግራቸውን ማስተማር?" ብሎ ጠየቀኝ። "ሁለተኛውን፤ ወንድሜ ሲንተባተብ አንጀቴን ይበላዋል" አልኩት። ውሸት አይደለም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ረሃብተኞቹን ማጠብ አስጠልቶኛል፤ ቅማሉንና ተስቦውን እፈራለሁ።

እዚያው የተጠለሉ አንዲት አሮጊት ልማር መሆኑን ሰምተው ጠሩኝ። "አላህ ያሳካልሽ የኔ ልጅ፤ እስቲ እጅሽን" ብለው መዳፌ ላይ እንትፍ እንትፍ እያሉ መረቁኝ። "አሚን" አልኩ። ደጅ እንደወጣሁ ምርቃታቸውን በቀሚሴ ጠረግሁት። መላልሼ ጠረግሁት።

ወንድሜ ለካ ከኋላዬ ነበር። ቤት እስክንደርስ ቃል አልወጣውም። ዝም ያለው ግን አንደበቱ ተሳስሮበት አይመስለኝም።