በቀጭን አምባ ጤና ኬላ ስለ ታሸገው የኃይል መቀየሪያ

ቀን፦ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመንዝ ጉም ምድር ወረዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር አስተዳዳሪ

አመልካች፦ ወ/ሮ ይመኙሻል መኳንንት
አድራሻ፦ ቀጭን አምባ ቀበሌ

ጉዳዩ፦ የወረዳው ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ኮሚቴ ያሸገው የኃይል መቀየሪያ ከመጋቢት 4 ቀን በፊት እንዲከፈትልን፣ ለማስተማሪያ በተሠራው ሶፍትዌርም መቆጣጠራችንን እንድንቀጥል እንዲፈቀድልን ስለ መጠየቅ

ክቡር አስተዳዳሪ፤

በወረዳው የቴክኒክና ሙያ ማሰልጠኛ ተቋም የጽዳት ሠራተኛ ሆኜ አሥራ አራት ዓመት አገልግያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ለየትኛውም ቢሮ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ የተጻፉ ደብዳቤዎችን ግን ብዙ ጠርጌያለሁ። ይህኛው ከሚጠረጉት እንዳይሆን የሆነውን ብቻ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. ቀጭን አምባ የመብራት መስመር ያልደረሰላት ቀበሌ ናት። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት በጤና ኬላው ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ፣ በጓዳው ውስጥ ባትሪና የኃይል መቀየሪያ ተክሎልን ሄደ። መቀየሪያው በባትሪው የተጠራቀመውን ወፍጮና ማቀዝቀዣ ወደሚሠሩበት ኃይል የሚለውጥ ሣጥን ነው። ከሣጥኑ ሁለት ገመድ ይወጣል። አንዱ አጠገቡ ወዳለው የሴቶች ማኅበር ወፍጮ፣ ሁለተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን አርሴማ የሕፃናት ክትባት ወደምታስቀምጥበት ማቀዝቀዣ ይሄዳል። ወፍጮው ከልክ በላይ ኃይል ሲጎትት ሣጥኑ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ሲጠፋ ማቀዝቀዣውንም ይዞ ይጠፋል፤ ሰው ገብቶ ካልተጫነው አይነሣም። የጓዳው ቁልፍ ደግሞ፣ ቀበሌው ለምኖ እስኪረከበው ድረስ፣ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በኢነርጂ ጽሕፈት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ይኖር ነበር። ለምን እዚያ እንደሚኖር ስንጠይቅ «ለጥንቃቄ» ተብለናል።

2. የኢነርጂ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ አቶ ቃለአብ በ2016 ዓ.ም. አንድ ጊዜ መጥተው ሣጥኑን አዩ። «ብልሽቱ በዘፈቀደ የሚከሠት ነው» ብለው ጽፈው ሄዱ። እኔ የአርሴማን ደብተር ተዋስሁ። አርሴማ የማቀዝቀዣውን ሙቀት በየጠዋቱና በየማታው ትመዘግባለች። ሣጥኑ በስምንት ወር ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጠፍቶ አገኘሁት። ቀኖቹን አየኋቸው፤ 11፣ 18፣ 20፣ 28፣ ደግሞ 11፣ ደግሞ 20። ሃያ ስድስቱ የበዓል ዋዜማ ነው።

በእኛ አገር በሚካኤል ቀን ወፍጮ ቤት የሚሄድ የለም። በማርያምም፣ በገብርኤልም፣ በባለወልድም የለም። ስለዚህ በዋዜማው ሁሉም ይሄዳል። ባትሪው በዋዜማ ይደክማል፣ በበዓሉ ያገግማል። ይህን ለማየት ዲግሪ አያስፈልግም፤ እስከ ሠላሳ መቁጠር ይበቃል። አቶ ቃለአብም የዚህ አገር ልጅ ናቸው፤ በሚካኤል ቀን እናታቸው ሲያስፈጩ አይተው እንደማያውቁ እገምታለሁ። ፕሮጀክቱ ግን ሠላሳውንም ቀን እኩል አድርጎ ስላሰላው፣ እርሳቸውም እኩል አድርገው አዩት።

3. ስለ ሶፍትዌሩ። ተቋማችን የዛሬ አራት ዓመት ለተማሪ ማስተማሪያ የሚሆን ሶፍትዌር፣ ከአንዲት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድና ከመለማመጃ ሣጥን ጋር በካርቶን ተቀብሏል። በስሙ ሦስት ጊዜ ሥልጠና ተሰጥቷል። በሦስቱም ካርቶኑ አልተከፈተም። የሦስተኛው ሥልጠና ፎቶግራፍ በኮሪደሩ ተሰቅሏል፤ እንደታሸገ ካርቶኑም በፎቶው ጥግ ይታያል። አቧራውን በየሳምንቱ የማነሣው እኔ ነበርሁ።

ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ከቅርጫት አገኘሁት። መምህራን የሚጥሉትን ማስተማሪያ ወረቀት ሳላነብ ጥዬ አላውቅም። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቴ የኋላ ግማሹ የተገነጠለ ነውና፣ በዚያ በኩል ያሉትን ቃላት ትርጉም እየገመትሁ ነው ያለፍሁት። ከቅርጫቱ አንድ ቀን «ልምምድ ሰባት፦ የኃይል መቀየሪያን መቆጣጠርና መከታተል» የሚል ወረቀት ወጣ። አንድ ጥግ ሻይ ፈሶበታል፤ ሌላው ይነበባል። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ አስፈቅጄ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ካርቶኑን ከፈትሁት።

ሶፍትዌሩ እንደ ጡብ የሚገጣጠሙ ሥዕሎች አሉት። አንዱ «የባትሪው መጠን ከዚህ ቢወርድ» ይላል፤ አንዱ «ይህን ገመድ አቋርጥ» ይላል፤ አንዱ ቀን ይቆጥራል። የባትሪውን መጠን፣ የሚጎተተውን ኃይልና የሣጥኑን ሙቀት በየደቂቃው ይመዘግባል። ለልጅ እንዲገባ ሆኖ ስለተሠራ ለእኔም ገባኝ። ይህ የሚያሳፍር ከሆነ አፍራለሁ።

4. ሥራው የተጀመረው በቀበሌው ቃለ ጉባኤ ነው፤ ቅጂው ተያይዟል። የሣጥኑን ክዳን አልከፈትሁም። ራሱን የሚያድንበትን መከላከያ አልነካሁም። ቦርዷ ተቋሙ ካዋሰኝ ኮምፒዩተር ጋር ተያይዛ የተሰካችው ሠሪው ለመቆጣጠሪያ ብሎ በተወው ቀዳዳ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ቢጠፋ ሣጥኑ እንደ ድሮው ይሠራል። ያደረግሁት ሁለት ነገር ነው። ወፍጮው በአንዴ ተንደርድሮ ሳይሆን ቀስ እያለ እንዲነሣ አደረግሁ፤ በበዓል ዋዜማ ደግሞ ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ወፍጮው እንዲቆም፣ የቀረው ለማቀዝቀዣው እንዲተርፍ አደረግሁ። የበዓላቱን አቆጣጠር ያገኘሁት ከባለቤቴ ከመሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ነው። እርሳቸው ለደቀ መዛሙርት ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ ልጆቹ ጮኸው ሲደግሙ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሰምቻለሁ። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። ስለ ሣጥኑ ሲሰሙ «ካስተማርኋቸው ይህ ይሻላል፤ ቢያንስ አያንቀላፋም» ብለው ሳቁ።

ጥፋቴንም ልናገር። ሥዕሎቹን ስገጣጥም ከነሐሴ ወደ መስከረም አሻገርኋቸው፤ ጳጉሜንን ረሳሁ። ሣጥኑ አምስት ቀን ቀድሞ ሲቆጥር ሰነበተ፤ መስከረም 20 በግሼን ማርያም ዋዜማ፣ እርሱ 25 ነው ብሎ ወፍጮውን ለቀቀው፤ ጠፋም። አርሴማ ቅርብ ስለነበረች ሮጣ አስነሣችው፤ አንድም ክትባት አልተበላሸም። የወፍጮ ቤት ሴቶች ግን እስከ ኅዳር አልማሩኝም። «ይመኙሻል፣ ጳጉሜንን ምን አደረግሻት? ጠርገሽ ጣልሻት እንዴ?» ይሉኝ ነበር። አስተካከልሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ የካቲት 6 ድረስ ሣጥኑ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። መዝገቡ ተያይዟል። ከጠቅላላው ሥራ እውነተኛው ስሕተት ይህ ነበር፤ ኮሚቴው በሦስት ገጽ ሪፖርቱ ውስጥ ያላገኘውም ይህንኑ ብቻ ነው።

5. የካቲት 6 ቀን ኮሚቴው አራት ሆኖ መጣ። መቀየሪያውን ለማጥፋት የፈለጉት ባለሙያ ማጥፊያውን ፈልገው ሲያጡ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ቦርዷን ነቀሉ፣ ኮምፒዩተሩን ወሰዱ፣ ሣጥኑን ወደ ቀድሞው አሠራር መልሰው ጓዳውን በሰም አሸጉ። አቶ ቃለአብ ሲወጡ «እማማ፣ መጥረጊያና ኮምፒዩተር አንድ አይደለም» አሉኝ። ልክ ናቸው። መጥረጊያው በየቀኑ ይሠራ ነበር።

የማሸጉ ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ሶፍትዌሩ «ለማስተማሪያ ብቻ» የተሠራ ነው የሚል ነው። ቃሉ በካርቶኑ ላይ ተለጥፏል፤ አልክድም። ሆኖም ባሕረ ሐሳብም ለተማሪ የሚነገር ትምህርት ነው፤ ጾሙ የሚገባው ግን በእርሱ ነው። «ይህ ለማስተማሪያ ነውና ጾም አይግባበት» ያለ ሊቅ አልሰማሁም። ኮሚቴው ተማሪው ተምሮ ሲጨርስ የት እንዲሠራበት እንዳሰበ ቢገልጽልን እንማርበታለን።

ሁለተኛው፣ «በመንግሥት መሣሪያ ውስጥ ሃይማኖታዊ ይዘት አስገብታለች» ይላል። ማስረጃው አንዱን ሥዕል «የሚካኤል ዋዜማ» ብዬ መሰየሜ ነው። ኮሚቴው ይህን ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ወፍጮውን የሚያሠራው ባድሩ እዚያው ቆሞ ነበር። «ጌቶች፣ የኔንም አንብቡልኝ እንጂ! ጁምዓ ከሥሩ አለች» አላቸው። እውነት ነው፤ ባድሩ ዓርብ ለሶላት ሲሄድ ወፍጮው ባዶውን እንዳይዞር ሥዕል ጠይቆኝ ገጥሜለታለሁ፤ የዒድንም ዋዜማ ራሱ ነግሮኝ አስገብቻለሁ። ይህ በሪፖርቱ የለም። እኔ በሣጥኑ ያስገባሁት ሃይማኖት ሳይሆን የሰዉን ውሎ ነው፤ ሰዉ የሚፈጨው መቼ እንደሆነ የማያውቅ መቀየሪያ ለሰዉ አይሠራም።

ሦስተኛው፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የለኝም። የለኝም። ማረጋገጫ ያላቸው ሰው ሃያ ስድስቱን ዋዜማ «በዘፈቀደ» ብለው ጽፈዋል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

6. ከታሸገ በኋላ የሆነው። የካቲት 15 ቅዳሜ ነበር፤ በማግሥቱ እሑድ ኪዳነ ምሕረት፣ ሰኞ ደግሞ ዐቢይ ጾም የሚገባበት። የቀበሌው ሰው በሙሉ የሽሮ እህሉን ተሸክሞ በአንድ ቀን መጣ። ሣጥኑ ከቀትር በኋላ ጠፋ። ጓዳው በሰም የታሸገ ስለሆነ የሚያስነሣው ሰው አልነበረም፤ ማኅተም መስበር ወንጀል መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል፤ እኛም አልሰበርንም። አርሴማ ስልክ ደወለች። «ሰኞ እናያለን» ተባለች። ሰኞ የታየ ነገር የለም። ማክሰኞ የካቲት 18 ጽሕፈት ቤቱ አንድ ሰው ልኮ አስነሣው፤ በዚያው መልሶ አሸገው። በማቀዝቀዣው ውስጥ በነበሩት አርባ ስድስት የክትባት ብልቃጦች ላይ ያለው የሙቀት ምልክት ጠቁሮ ነበር፤ ተበላሽተዋል ማለት ነው።

በዚያው ቀን ሃያ ሦስት እናቶች ከቆላው ልጅ አዝለው የአራት ሰዓት ዳገት ወጥተው መጡ፤ ከዳገቱ በታች ባሉ ሁለት ጎጦች ኩፍኝ ገብቷል ተብሎ ተጠርተው ነው። እንዲመለሱ የነገረቻቸው አርሴማ ናት፤ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ስትነግራቸው አጠገቧ ነበርሁ። አንዲቱ እናት «እኅቴ፣ ፍሪጁም ቅበላ በላ እንዴ?» አለቻት። ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ ልጆቻቸውን እንደገና አዘሉ፤ አርሴማ ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

እኔ ልጅ አልወለድሁም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ቤቴን የሚነካ ምንም የለም፤ ለጥቅሟ ነው እንዳይባል ይህንንም ጻፍሁት።

7. የጤና ጣቢያው ምትክ ክትባት መጋቢት 2 ቀን ይመጣል። እናቶቹ መጋቢት 6 ቀን እንዲመለሱ ተነግሯቸዋል። በመካከሉ መጋቢት 5 የአቦ በዓል ነው፤ በእኛ ቀበሌ የንግሥ በዓል ነውና ዋዜማው መጋቢት 4 ከኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሣጥኑ አሁን ባለበት አሠራር ከቆየ በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ ይጠፋል። ይህ ትንቢት አይደለም፤ በዋዜማ ሃያ ስድስት ጊዜ የተጻፈ ነው። ሴቶቹ ያን ቀን ወፍጮው ይዘጋ ቢባሉ እሺ ይላሉ፤ የሚዘጋው ማብሪያ ግን ያለው በታሸገው ጓዳ ውስጥ ነው።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ) ማኅተሙ ከመጋቢት 4 ቀን በፊት እንዲነሣ፣ ቦርዷና ኮምፒዩተሩም እንዲመለሱ፤

ለ) ኮሚቴው ሥራውን መመርመር ከፈለገ መቀየሪያው እየሠራ እንዲመረምር፤ የጎደለውን ቢያሳየኝ አስተካክላለሁ፤ ከእኔ የተሻለ ሰው ቢመድብም ሥዕሎቹን አስረክቤ ወደ መጥረጊያዬ እመለሳለሁ፤

ሐ) ማኅተሙ የማይነሣ ከሆነ ግን፣ ክትባቱ እንደገና መበላሸቱን መጋቢት 6 ቀን በጤና ኬላው ደጅ ቆሞ ለሃያ ሦስቱ እናቶች የሚነግራቸው የኮሚቴው አባል ማን እንደሆነ፣ ስሙና የሥራ ድርሻው ተጽፎ፣ ተፈርሞበትና ማኅተም ተደርጎበት አስቀድሞ እንዲገለጽልን ነው። አርሴማ ከእንግዲህ አትነግራቸውም።

ለክቡርነትዎ ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ይመኙሻል መኳንንት

አባሪ፦ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ፣ የማቀዝቀዣው ሙቀት መመዝገቢያ ቅጂ፣ ከሶፍትዌሩ የተገኘ የአምስት ወር መዝገብ

ግልባጭ፦
ለወረዳው ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት
ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት
ለቀጭን አምባ ቀበሌ አስተዳደር