የደበቅካቸው እርሳሶች

ቶሌዬ፣ የኔ ሰው፣

ከተለያየን ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ዛሬ ላለቅስብህ አይደለም የተቀመጥኩት፤ የምሥራች አለኝ። የልጅ ልጃችን የሲፈን የደም ውጤት መጣ። ደሟ ውስጥ ያለው እርሳስ ወርዷል! ሐኪሟ ወረቀቱን አየችው፣ ደግማ አየችውና ሳቀች። እኔ ደግሞ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ እልል አልኩ። ዘበኛው ምን ተፈጠረ ብሎ እየሮጠ መጣ። አላፈርሽም ወይ ትለኝ ይሆናል፤ ምን በወጣኝ!

ይህን ሳትሰማ መሄድህ ነው አንጀቴን ሲበላኝ የኖረው። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ጣሪያ ጣሪያውን እያየህ፣ በገዛ እጄ አበላኋት፣ በገዛ እጄ፣ ስትል ነበር። እንግዲህ ስማኝ፣ ልጅቷ ደህና ናት።

ግን ያንን የእርሳስ ጉድህን ሳላነሳ አላልፍም። ታስታውሳለህ፣ ሲፈን ሆዷን እየቆረጣት፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ የነገርናትን ወዲያው እየረሳች ሐኪም ቤት ይዣት የሄድኩ ጊዜ? ልጃችን ገመቹና ሚስቱ ዱከም ፋብሪካ ስለሚውሉ አሳዳጊዎቿ እኛ ነን። ሐኪሟ፣ ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል አለችኝ። እኔም ቤት ገብቼ እንዳለ ነገርኩህ። አንተ ሰውዬ! አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈለጥክ፣ ውስጡን ጓሮ እያቀለጥክ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ገመድ የሚታሰርበትን የባትሪ ራስ ስትሠራ የኖርክ ሰው፣ ያንን ነገር አንድ ቀን እርሳስ ብለኸው አታውቅም። «ቅላጩ» ነበር የምትለው። እርሳስ ለአንተ የተማሪ እርሳስ ነው። እኔስ ብሆን ከአንተ በምን ተሻልኩ!

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እርሳስ እየነከሰች ነው ለካ እንዲህ የሆነችው ብለህ አቀፍካት፤ ከዚያ በቤቱ ያለውን እርሳስ ሁሉ ለቀምከው። ደብተሯ ውስጥ ያለውን፣ አልጋ ሥር የገባውን፣ ሁሉንም። ጎረቤታችንን አናጺውን ጋሽ ደምሴን እንኳ አልማርከውም፤ ከጆሮው ላይ መንጭቀህ ወሰድክበት። መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ ሄደህ፣ ልጄን እርሳስ እንዳታስይዙብኝ ብለህ መምህሯን አፋጠጥካት። ለሲፈን ቀይ እስክሪብቶ ገዛህላት። ከዚያ ወዲያ ግድግዳችን ሁሉ ቀይ በቀይ ሆነ።

ለሁለተኛው ቀጠሮ አብረን ሄድን። ሐኪሟ እጅህን አየችና ሥራህ ምን እንደሆነ ጠየቀችህ። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። የተማሪው እርሳስ ስሙ ብቻ ነው፤ ውስጡ የከሰል ዘመድ ነው፣ ልጅ ብትነክሰውም ደሟን አይመርዘውም። ደም የሚገባው አንተ የምታቀልጠው ነው። ጢሱ፣ ብናኙ፣ ልብስህ ላይ ተሸክመኸው የምትገባው፣ ልጅቷ የምትጫወትበት አፈር ላይ የሚያርፈው። አይበሰብስም፣ አይጠፋም፣ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ገና በማደግ ላይ ያለ የሕፃን አእምሮ ላይ ደግሞ ይብሳል። ዶሮዎቻችን አንድ በአንድ ሲወድቁ ፈንግል ነው ስንል የከረምነው፣ ቅላጩ ሳይሆን እንዳልቀረ ያኔ ገባን። በታክሲ ወደ ቡራዩ ተመለስን። እንደገባን ኮትህን እንኳ ሳታወልቅ ማቅለጫ ምድጃህን አፈረስከው። የምታውቀው ሌላ ሥራ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ኮራሁብህ። በሕይወትህ ሳለህ አልነገርኩህም፣ ይኸው አሁን ነገርኩህ።

ከዚያማ ሁለት ወር ሳይሞላ ልብህ ከዳህ።

አሁን ግቢያችንን ብታየው አታውቀውም። መቃብርህን የቆፈሩት የዕድር ሰዎች ግቢህንም ቆፈሩልህ! የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች መጥተው እንዳሳዩን፣ አቧራው እንዳይነሳ አፈሩን በውኃ እያራስን የላይኛውን አነሳን፤ በጆንያ አሸግነውና እነሱ ጭነው ወሰዱት። በምትኩ ንጹሕ አፈር አስመጥተን ደለደልን። ሲፈን ከውጭ ስትገባ እጇን ሳትታጠብ ምግብ አትነካም፤ እኔ ከረሳሁ ትቆጣኛለች። ዶሮም እንደገና ይዣለሁ፣ ሦስት ናቸው። ቀይዋ አንተን ትመስለኛለች፤ ቀኑን ሙሉ ስትጭር ትውልና ባዶዋን ትገባለች።

የሥራ ቤትህ ሲፈርስ ደግሞ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? ከማገሩ ላይ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ወደቀ፤ ክዳኑ ተፈናጠረና መሬቱ እርሳስ በእርሳስ ሆነ! ጣሳውን ከአፈሩ ጋር ሰደድነው፣ እርሳሶቹን በሳሙና ደጋግመን አጠብናቸው። ጋሽ ደምሴ ያንን ወፍራም እርሳሱን አወቀው። አንስቶ ጆሮው ላይ ሰካው፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። እኛም እየሳቅን አለቀስን።

ሲፈን አንደኛ ክፍል ገብታለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ቁጥር ላይ ገና ትደናገራለች። ሐኪሟም ክትትሉ እንዳይቋረጥ ብላለች፤ አይቋረጥም። ፊደሉን ግን ለቀም አድርጋዋለች! ባለፈው ሳምንት መምህሯ ሙሉ ስማችሁን እስከ አያት ጻፉ ብላቸው፣ ከጣሳህ በወጣው እርሳስ ጽፋ አመጣችልኝ። «ሲፈን ገመቹ ቶሎ» ይላል። «ሳ» ቀርታለች። ቶሎ! እውነትም ቶሎ ሄድክብን እኮ። እየሳቅኩ እንባዬ መጣ። እሷ ምን እንዳስለቀሰኝ አልገባትም፤ ምላሷን አውጥታ፣ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ፣ «ሳ»ን ጨመረችበት።

ስለዚህ ከእንግዲህ ጣሪያ ጣሪያ አትይብኝ፤ ዕረፍ። እሷ ስሟን በጻፈች ቁጥር አንተ ከኋላዋ አለህ፤ እኔም ትንፋሼ እስካለች ሳነሳህ እኖራለሁ። ይህንንም ደብዳቤ የጻፍኩት በእርሳስህ ነው። አንተ እርሳሱን ደበቅክ፤ እኔ ደግሞ ላጲሱን ደብቄዋለሁ።

ያንተው ዘነቡ