በር ላይ የቆመው ሰው

ለከድር፣ ለቤቴ አባወራ

ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ያለህበትን ያብራልህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳሳለፍኩት እንጃ። በሁለተኛው ግን ለኢፍጣር ሁለት ብርጭቆ ብቻ ማውጣት ለመድኩ፤ መልመዴን ሳውቅ ደግሞ ከፋኝ።

ቤቱ ያው ነው። የስፌት መኪናህ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል። ሀያት እንሽጠው ብላ ነበር፣ የአባትሽን እግር እንደመሸጥ ነው ስላት ተወችው። ልጅህ አሁን እዚሁ ወልቂጤ ቢሮ ገብታለች። ማታ ማታ በባጃጅ ትመጣለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን ትከፍታለች። ደህና ናት፣ ለእሷ አታስብ።

የምጽፍልህ ፈርቼ ነው። ዙሪያውን ከምዞር ልንገርህ፦ ዓይኔ ነው።

መጀመሪያ አምፖሉ ደክሟል ብዬ ቀየርኩት። ደግሜ ቀየርኩት። ባለሱቁን ዕቃህ የማይረባ ነው ብዬ አዋረድኩት፤ ምስኪን፣ ሌላ አምፖል በነፃ ሰጠኝ። ቀጥሎ የመጽሐፉን አታሚ ያዝኩ፣ ቀለም ቆጥቦብን ነው አልኩ። አንድ ቀን ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ በግራዬ ባነብ የመስመሩ ጫፍ የለም። ይጀምርና ጉም ውስጥ ይገባል። መጽሐፉን አስቀምጬ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

አንተም እንዲሁ ነበር ያደረግከው። ክሩን መርፌ ውስጥ አግቢልኝ ስትለኝ፣ ሚስት ያገባሁት ለምን ሆነና ብለህ ታስቀኛለህ፣ እኔም እስቃለሁ። ለካ አይታይህም ነበር። ቡታጅራ ወስጄህ ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ቀደም ብለህ ብትመጣ ኖሮ ሲል፣ እስከ ቤት ድረስ አላናገርኩህም። እንዴት ከኔ ትደብቃለህ ብዬ ነበር የተቆጣሁት። አሁን እኔ ስደብቅ ገባኝ። ሰው የሚደብቀው እስኪነገረው ድረስ ያልሆነ ስለሚመስለው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የኛ የሁለታችን ሥራ የሆነው። ከአስር ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ፣ አንተ ግድግዳውን ተደግፈህ፣ እኔ ብርሃኑን ፊት ለፊት ይዤ። ያንተ የመስቃን ቋንቋ ለኔ አይገባኝም፣ የኔ የቸሃው ላንተ አይገባህም፣ የተጋባነው በአማርኛ ነው። ስንጣላም በአማርኛ ነበር። እና አማርኛ የተጻፈበት ሁሉ የኛ ነበር፤ ከገበያ መሬት ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጠው ክምር ያገኘኸውን ሳትመርጥ ታመጣ ነበር።

እነሱን ነው አሁን ብቻዬን እየደገምኩ ያለሁት፣ ዓይኔ ሳይቀድመኝ ብዬ። ግን መጽሐፎቹ ተለውጠውብኛል። የነገሥታቱን ታሪክ ታስታውሳለህ፣ አንተ ስለ ጦሩ ስትጠይቅ እኔ ያንን ሁሉ ወታደር ማን ቀለበው ስል ነበር። አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ በአንድ መስመር አንድ አገር ሕዝብ ያልቅና ጸሐፊው ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሄዳል። ያ በረዶ አገር የሚኖሩ ሰዎች ያሉበት ወፍራም መጽሐፍ ደግሞ፣ አንዱ ሰው ሦስት ስም ያለው፣ የሱ ግማሽ ላይ ነኝ። ወፍራምነቱን እያየሁ እደርስ ይሆን እላለሁ። ድሮ ግን ባያልቅ ደስ ባለን።

የንብ እርባታው መጽሐፍ ያሳርፈኛል ብዬ ነበር። ቀፎ ሳይኖረን የቀፎ ወግ ስናነብ እንዴት ያስቀን ነበር። በውስጡ ሰው አይሞትም፣ ነገሥታትም የሉም። ያንን ክፍል ግን ረስቼው ኖሯል፤ ምግብ ሲያጥር ሥራ የሌላቸውን ንቦች ከቀፎ እየገፉ ያስወጧቸዋል። ዘጋሁት። ዓይኗ የጠፋ ሴት ቤት ውስጥ ምን ትሠራለች ከድር?

የግጥሙን መድበል አልነካሁትም። አንተ ስታሾፍብኝ ነበር የሚጥመኝ።

የጤናውን መጽሐፍ ግን ነካሁ። በያንዳንዱ ገጽ በሽታው ሁሉ አለብኝ እያልክ ጉበትህንም ኩላሊትህንም ስትዳብስ የነበረውን። ስለ ዓይን የሚለው ጋ ደረስኩ፣ ሁለት አንቀጽ አነበብኩ፣ ሦስተኛው ሕክምናው ላይ ነበር፣ ያንን ሳላነብ ቁምሳጥኑ ላይ ወረወርኩት። መድኃኒት አለው ቢል መሄድ ሊኖርብኝ ነው። የለውም ቢልስ?

ሀያት ራሷ ደረሰችበት። ሻይ ስቀዳላት ከብርጭቆው ውጭ አፈሰስኩት። ጠረጴዛውን ጠረገች፣ ከዚያ ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ቡታጅራ እንሄዳለን አለች። አልሄድም አልኩ። ቡታጅራ አገርህ ነው ብለን የቀበርንህ እዚያ ነው፣ ዘግይታችኋል የተባልንበት ነው፤ ከዚያ ከተማ ደግ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የልቤን ደግሞ ለሷ አልነገርኳትም፣ ላንተ ልናገር። አንተ ዓይንህ ሲጠፋ እኔ ነበርኩልህ። እኔን ማን ያነብልኛል? ይቺ ልጅ በስልክ ከሚመጣው በቀር አንድ ገጽ ስታነብ አይቼ አላውቅም። የፈራሁት ጨለማውን ብቻ አይደለም፣ ጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጡን ነው።

የቤታችንን ሕግ ታውቃለህ። ልብ የሚያንጠለጥለው ቦታ ላይ ስንደርስ መዝጋት። አንድ ገጽ ጨምሪልኝ ማለት ክልክል፣ ከስፌት ሳጥንህ የወጣ ክር ጣል ማድረግ፣ አንተም ይበቃል፣ ነገም ቀን ነው ማለት። የመጨረሻው መጽሐፋችን፣ የነጋዴው ሚስት ሣጥን የተዘረፈበት የወንጀል ታሪክ፣ አረንጓዴው ክር እንዳለበት ቀርቷል። ሌባው የባሏ ወንድም ነው ብለህ እርግጠኛ ሆነህ ነው ያደርከው፤ በማግስቱ ሆስፒታል ገባህ። ከዚያ ወዲህ ሌላውን ሁሉ ስገልጥ እሱን አልገለጥኩም። እሱ ካለቀ ካንተ ጋር የጀመርኩት ነገር ሁሉ ያለቀ ይመስለኛል።

ትናንት አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሀያት መጽሐፉን ይዛ መጣች። ስልኳ የለም። ግድግዳውን ተደግፋ ከክሩ ላይ ጀመረች። ንባቧ አያስደስትም፣ ልንገርህ፤ አራት ነጥብ አታከብርም፣ የሰው ስም ላይ ትደናቀፋለች። መጀመሪያ ላይ ተዪው ልላት ነበር። ከዚያ ታሪኩ ያዘኝ። ተሳስተሃል ከድር፤ የባሏ ወንድም ሣጥኑ በተዘረፈበት ሌሊት ሌላ ከተማ ነበር። ሳቅኩ፣ ዓይኔም እንባ አቀረረ፣ እሷ ግን አላቋረጠችም። የነጋዴው ሚስት ብቻዋን ቤት ውስጥ ናት፣ መሽቷል፣ በሩ ተንኳኳ። ማነው ብላ ጠየቀች፣ መልስ የለም። ለመክፈት ተነሳች።

ሀያት ዘጋችው። አንድ ገጽ ጨምሪልኝ አልኳት። ክሩን ጣል አደረገችና ይበቃል፣ ነገም ቀን ነው አለች። ባንተ አነጋገር፣ ባንተው አዘጋግ። ለካ ድሮ ስናነብ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ሁሉን ትሰማ ኖሯል።

እሺ ብያታለሁ፤ ነገ ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ቡታጅራ እንሄዳለን። ፍርሃቴ ለቆኛል ብዬ አልዋሽህም፤ ፊደሉን ያገዘፍኩትም በቀኝ ዓይኔ እንድከተለው ነው። መቃብርህ አጠገብ ስንደርስ ሀያት እንድትነግረኝ ነግሬያታለሁ፣ ከመኪናው ሆኜ ዱዓ አደርግልሃለሁ። ሐኪሙ የፈለገውን ይበል፣ ያንን ድምፅህን ለማስታወስ ዓይን አያስፈልገኝም፤ አልረሳህም። መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሴትዮዋ በሩን ልትከፍት ተነስታለች፣ ያንኳኳው ሰው አሁንም ደጅ ቆሟል።

ዘይነባህ