ሳሙና የበላው ጣት

ማሪቪክ፣

የሥራ ኮምፒውተሬ ዛሬም ጣቴን አይቶ "አላውቅሽም" አለኝ፤ የሥራ መግቢያ ሰዓቴም አለፈ። ለቢሮው ቴክኒሻን ስደውልለት፣ "እህቴ፣ የጣትሽን መስመር ሳሙና በልቶታል። ለስንት ሰው ነው ዕቃ የምታጥቢው?" አለኝ።

"ለሁለት" አልኩት። ሳቀብኝ።

በጂፕኒ ታክሲ ወደ ቢሮ ሄጃለሁ። በጣቴ ፋንታ የልብ ምቴን ለይቶ የሚከፍትልኝ አምባር ሊሰጡኝ ነው። ውሃ አይወድም አሉ፤ ልብ በይ።

ሩዝ ማብሰያው ውስጥ አለልሽ። የአዶቦ ወጡ ድስት ከእሑድ ጀምሮ እንደተዘፈዘፈ ነው፤ መቼም ዓሣ ልታረቢበት አላሰብሽም።

ትናንት በሩን ወርውሮ የዘጋው ነፋስ አልነበረም። እኔ ነኝ፤ ለዚያ ይቅርታ።

ያንቺ ጣት የሕፃን ጣት ነው፤ ኮምፒውተርሽ ገና ስትነኪው ወለል ብሎ ይከፈትልሻል። ስመለስ አንቺንም "አላውቅሽም" ብሎሽ ካገኘሁ፣ እራት እጋብዝሻለሁ።

ጄርሊን