የቆብ አርማዎችህን ስለመላክ

ውድ እንድርያስ፣

ሰላምታውን በስልክ ስንጨርሰው ስለከረምን በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። የቆብ አርማዎችህን ሳጥን በመንገደኛ ላኪልኝ ያልከኝን ሳስብበት ሰነበትኩ።

እንዴት እጠላቸው እንደነበር ታውቃለህ። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ እኔ ወደ ቤት፣ አንተ ወደ ክሊፕታውን አሮጌ ዕቃ ሻጮች። «ድሮ የሞተ የእንግሊዝ በጎ ፈቃደኛ ወታደር ቆብ ላይ ምን ጠፍቶብህ ነው?» እልህ ነበር።

ከዚያ እናትህን ልታስታምም አገር ቤት ሄድክ፤ ሎክዳውን መጣ፤ ኤርፖርቱ ተዘጋ። ሮዘተንቪል ቤታችን ውስጥ እኔና ሳጥንህ ቀረን። ስትደውል ወሬ ሲያልቅብን አንዱን አርማ አንስቼ ለካሜራው አሳይህ ጀመር።

«ዘውዱን እዪው። መሃሉ ጎድጎድ ካለ የዚያን ዘመኗ የእንግሊዝ ንግሥት ነው፤ ጉብ ካለ ከሷ በኋላ የነገሠው የልጇ። አሁን ገልብጪው» ትለኛለህ። ጀርባው ላይ ቀለበት ያለው ቀደም ያለው፣ እንደ ምላስ ቆብ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ብረት ያለው የኋለኛው፣ ጀርባው የሻከረው ደግሞ ፎርጅድ መሆኑን ተማርኩ። ብዙም ሳይቆይ ሁሉንም ለየኋቸው። ግን እያወቅኩ እሳሳት ነበር። የንጉሡን የንግሥቲቱ ስልህ «ኧረ አለምዬ፣ ደህና አድርገሽ እዪው እንጂ!» ብለህ እንደ አዲስ ታስረዳኛለህ። ቤቱ ውስጥ ሌላ የሰው ድምፅ አልነበረም።

ሳል ይዞኝ ብቻዬን የተኛሁ ጊዜ፣ ሲሻለኝ ላስደስትህ ብዬ አንዱን እንደ እናቴ የነሐስ መስቀል በአመድና በሎሚ እስኪያብረቀርቅ ፈተግኩት። «ወይኔ! የስንት ዘመን መልኩን ገፈፍሽው!» ብለህ ጮኽክብኝ። እየሳልኩ ይቅርታ ጠየቅኩህ። ሳሌን ግን አልሰማኸውም። ያ ነገር እስካሁን ያመኛል።

በረራ ሲከፈት መጋረጃውን ሁሉ አጥቤ ጠበቅኩህ። እናትህ ድነው ገበያ መውጣት ጀመሩ፤ አንተ ግን «ትንሽ ልቆይ» አልክ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ከዚያ ስልክህ እየሳሳ መጣ። ባለፈው እሁድ እንዴት ነሽ እንኳ ሳትለኝ «ፌቨን ወደዚህ ልትመጣ ነው አሉ፤ ሳጥኑን ስጫት» አልክ። ከልብስህና ከጫማህ በፊት የምትመለስለት ነገር ይህ ሳጥን መሆኑን እኔ አጣዋለሁ?

ኮዝሞ ሲቲ ሱቅ ያላት ፌቨን ደውላ ነበር። «ሲስ፣ ሻንጣዬ ስፔስ አለው፤ ሹር፣ ምንም አታስቢ» አለችኝ። ነገ ስትመጣ ግን ይህን ደብዳቤ ብቻ ነው የምሰጣት።

አርማዎቹን ከፈለግክ ራስህ መጥተህ ውሰድ። ወስደህ ልትመለስም ከሆነ እሺ፣ ሻይ አፍልቼ እሸኝሃለሁ። የማትመጣ ከሆነ ደግሞ «አልመጣም» በለኝ፤ በመንገደኛ ሳይሆን በራስህ አፍ።

እስክትለኝ ድረስ ሚስትህ፣

አለምወርቅ